በወንድሜ ስም የሠራሁት ታግ

ወንድሜ የጀመረውን ፕሮግራም ለደንበኛው ለማስረከብ የቀረው አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ ታጉን መሥራት። አለቃዬ ይህን ሥራ ሲሰጡኝ ፊቴን አላዩም። የሻይ ብርጭቋቸውን ከኮምፒውተሩ ራቅ አድርገው እያስቀመጡ፣ «ታጉን አንቺ ትሠሪዋለሽ። ቅዳሜ የውሃ ቦቴዎቹ ባለቤት ይመጣል» አሉኝ። እኔም እንደ ልማዴ ወዲያው «እሺ ጋሼ» አልኩ። ምን እንደተጠየቅኩ የገባኝ እሺ ካልኩ በኋላ ነው።

ታግ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገር። ኮድ የሚጽፍ ሰው ሥራውን ጊት በሚባል ፕሮግራም ውስጥ ያስቀምጣል። ጊት እያንዳንዱን ለውጥ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሠራው ጭምር ከነታሪኩ ይይዛል። ከእነዚያ ሁሉ ለውጦች መካከል አንዱን መርጦ «ለደንበኛ የተሰጠው ይኼኛው ነው» ብሎ የሚያትም ነገር ታግ ይባላል። በማኅተሙ ላይ ያተመው ሰው ስም፣ የኢሜይል አድራሻውና ሰዓቱ ይሰፍራል። በእኛ ቢሮ ደግሞ አንድ ደንብ አለ። በታጉ ላይ ስሙ የሰፈረ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ የፕሮግራሙ ኃላፊ ነው። ችግር ሲፈጠር የሚደወለው ለእሱ ነው፤ ከመስኮቱ ሥር ያለው ወንበርም የእሱ ይሆናል።

ያ ወንበር የወንድሜ ነበር። ከሄደ ጀምሮ ማንም አልተቀመጠበትም። አለቃዬ «ሥራው ተጠናቆ እስኪወጣ ድረስ ቦታው የእሱ ነው» ብለው ለእናቴ በስልክ ቃል ገብተውላታል። ስለዚህ በታጉ ላይ የሚጻፈው ስም የማን ይሁን የሚለው ነገር ለእኔ የኮምፒውተር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የእኔ ስም ከተጻፈ ወንድሜን የሚጠብቀው ቦታ የለም ማለት ነው። እናቴ የምትረዳው እንደዚያ ነው። እኔም ከእሷ የተለየ አልተረዳሁትም።

የምንኖረው ሼክ ኑር የሚባል የሐርጌሳ ሰፈር ነው። ወደ ሐርጌሳ መጀመሪያ የመጣው ወንድሜ ነው፤ ግንባታ ላይ ሠርቶ፣ ኋላም ወደዚህ ቢሮ ገብቶ፣ እናቴንና እኔን አስመጣን። እናቴ 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር በአንድ ቤት ምግብ ታበስላለች፣ ልብስ ታጥባለች። እኔ የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጠዋት እማራለሁ፤ ከሰዓት ወደ ቢሮው እየመጣሁ ሥራ እለማመዳለሁ። ይህንንም የለመነልኝ እሱ ነው። «እህቴ ዝምተኛ ናት፣ ቦታ አትፈጅም» ብሎ ነው ያስገባኝ። ለወራት ከጎኑ በፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እጁን ስከተል ቆየሁ።

ፕሮግራሙ ስለ ውሃ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በቦቴ ነው፤ ቦቴው መቼ እንደሚደርስ ግን ማንም አያውቅም። ሴቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። ወንድሜ ከእናቴ ጋር ሲቆም ያደረበትን ብስጭት ይዞ ነው ይህን ሥራ የጀመረው። ሰው በስልኩ ይመዘገባል፤ ቦቴው ከእሱ በፊት ስንት ቤት እንደቀረው ይነገረዋል። ብዙ ቦቴ ያሉት አንድ ነጋዴ ሐሳቡን ሰምቶ ወደደው፤ ጨርሱልኝ አለ።

ወንድሜ ግን ሥራው ሊያልቅ ሲል ሄደ። ለእናቴ ለሥራ ጉዳይ ቡራኦ ከተማ ደርሼ እመጣለሁ አላት። ለእኔ ግን እውነቱን ነገረኝ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወደ ቦሳሶ ይሄዳሉ፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ረጅም መልስ አልሰጠኝም። «እዚህ ምንም ያህል ብሠራ እንግዳ ነኝ» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ምን ማለት እንደነበረብኝ እስካሁን አላውቅም።

ከባሕሩ ዳር አንድ ጊዜ ደወለልኝ። ነፋሱ ድምፁን እየወሰደው፣

«ያቺን የመጨረሻ ስህተት አስተካክዬ ልኬያለሁ» አለኝ። «ለጋሼ ንገሪልኝ። ታጉ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱን እኔ ስደርስ እሠራዋለሁ። ከየትም ሆኖ ይሠራል።»

«ከየትም?»

«ኢንተርኔት ካለ ከየትም።»

«ባሕር ላይ ኢንተርኔት አለ?»

«አንቺ ደግሞ» ብሎ ሳቀ። «ነገ እደውላለሁ። እማዬን ጉንፋን ይዞት ነው ድምፁ የተዘጋው በያት።»

ከዚያ በኋላ አልደወለም። የጓደኞቹም ስልክ አይሠራም። በጀልባ ሊያሻግራቸው የነበረው ደላላ ስልክ ለጥቂት ቀን ይጠራ ነበር፤ በኋላ እሱም ዝም አለ። እናቴ ቡራኦ የሚለውን ወሬ ለስንት ጊዜ እንዳመነችው አላውቅም። አንድ ቀን ልብስ እያጠበች፣ ቀና ሳትል፣ «ጀልባው ትልቅ ነው አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም እንደምታውቅ አወቅኩ።

አለቃዬ ያደጉት አዲስ አበባ፣ መርካቶ ነው። እሳቸው ልጅ ሳሉ ቤተሰቦቻቸው ከዚህ ሸሽተው ሄደው፣ እሳቸው ጎልማሳ ሆነው ተመለሱ። አማርኛቸው ከእኔ ይፈጥናል፤ በየዐረፍተ ነገሩ ላይ «ወላሂ» ይጨምሩበታል። አንድ የማይለቁት አሠራር አላቸው። አዲስ ሰው የመጀመሪያ ታጉን በአጭር ትእዛዝ እንዲሠራ አይፈቅዱም። ጊት ራሱ ጽፎ የሚያዘጋጀውን ጽሑፍ ተማሪው መስመር በመስመር በእጁ ጽፎ ለጊት አጣሪ መስጠት አለበት። ለምን ሲባሉ፣ «ሽንኩርት ሳትልጪ ወጥ ሠራሁ ትያለሽ?» ይላሉ።

ጽሑፉ አጭር ነው። በመጀመሪያው መስመር ላይ የሚታተምበት ለውጥ ረጅም መለያ ቁጥር ይጻፋል። በሁለተኛው የሚታተምበት ነገር ዓይነት፣ በሦስተኛው የታጉ ስም። በአራተኛው ላይ ያተመው ሰው ከነአድራሻውና ከነሰዓቱ። ከዚያ አንድ ባዶ መስመር፣ በመጨረሻም መልእክቱ። አንዱ ቢጎድል ወይም ቦታ ቢቀያየር አጣሪው ይጥለዋል። ሁሉ ከተሟላ ታጉን ጊት ሁሉን በሚያኖርበት መጋዘን ውስጥ አስቀምጦ የታጉን የራሱን መለያ ቁጥር ይሰጣል።

ሦስቱን መስመሮች በጥንቃቄ ጻፍኩ። የለውጡን ቁጥር ሁለት ጊዜ ከወንድሜ ሥራ ጋር አስተያየሁት፤ ከባሕሩ ዳር ሆኖ የላከው ነው። አራተኛው መስመር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

ያን ጊዜ ያሰብኩት እድራችንን ነው። ዓርብ ዓርብ ዳሚ ሰፈር ውስጥ በአንድ ሽማግሌ ግንበኛ ቤት እንሰበሰባለን። አብዛኞቹ በግንባታና በሰው ቤት የሚሠሩ የአገራችን ሰዎች ናቸው። አባል የሚሆነው ሥራ ያለው ሰው ብቻ ስለሆነ እናቴና ወንድሜ አባላት ነበሩ፤ እኔ እናቴን ተከትዬ በሩ ላይ የምቀመጥ ነበርኩ። ሽማግሌው የሁሉንም ስም በቃላቸው ያውቃሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠራሉ። አንድ ሰው ከቀረ ቤተሰቡ ይመልስለታል። በርበራ ለሥራ ሄዶ ይሁን፣ አገር ቤት ገብቶ ይሁን፣ ታሞ ተኝቶ ይሁን፣ እናቱ ወይም እህቱ «አለ» ካለችለት አለ ነው። እንደተገኘ ይቆጠራል። ስሙ ከእድሩ የሚወጣው «አለ» የሚልለት ሰው ሲጠፋ ነው። ወንድሜ ከሄደ ወዲህ እናቴ በየዓርቡ «አለ» ትላለች፤ የሚጠራጠራት የለም።

ስለዚህ በአራተኛው መስመር ላይ የወንድሜን ስም ጻፍኩ። ማታለል አልመሰለኝም። ሥራው የእሱ ነው፤ እሠራዋለሁ ብሎም ነበር። እኔ ያደረግሁት ስሙ ሲጠራ መመለስ ብቻ መሰለኝ። አድራሻውን አስከተልኩ፤ ቀኑንም የደወለልኝን ቀን አደረግሁ። እናቴ የምትቆጥረው በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ እኔም ኅዳር ብዬ ጀምሬ ጻፍኩት።

አጣሪው ወዲያው ጣለው።

«ጋሼ፣ ቀኑን አልቀበልም አለኝ» አልኩ ከተቀመጥኩበት።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ኅዳር ብዬ።»

አለቃዬ ሻያቸው ትን እስኪላቸው ሳቁ። «ኅዳር? ወላሂ መርካቶን አስታወስሽኝ፤ ኅዳር ሲታጠን ዓይናችን ሲለበለብ። ጊት እኮ ኅዳርንም ኖቬምበርንም አያውቅም፤ ሰከንድ ነው የሚቆጥረው። ቀኑን ወደ ሰከንድ ቁጥር ለውጪው፤ ከጎኑ የሰዓት ክልላችንን ጨምሪ።»

ለወጥኩት። በድጋሚ ስሰጠው አጣሪው ምንም ቅሬታ ሳያሰማ አንድ ረጅም መለያ ቁጥር ጻፈልኝ። ተቀብሎታል ማለት ነው። ቁጥሩን ወደ ስልኬ ገለበጥኩት። በዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሜ ከሄደ ወዲህ በስሙ የተደረገ አንድ ነገር ሳይጎድል ሲያልፍ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

አለቃዬን ጠራኋቸው። ከጀርባዬ ቆመው አነበቡ። ጣታቸውን አራተኛው መስመር ላይ አሳረፉ።

«የማን ስም ነው ይሄ?» አሉ።

«የእሱ።»

«እሱማ ይታየኛል። ሠሪዋ አንቺ፣ ስሙ የእሱ።»

«እኔ እመልስለታለሁ ብዬ ነው ጋሼ። አጣሪውም ተቀብሎታል።»

«አጣሪው መስመሩን ነው የሚያየው፤ ሰውየውን አያይም። ስም አለ? አለ። አድራሻ አለ? አለ። ሰዓት አለ? አለ። በቃ፣ እለፍ ነው። የእኔን አያት ስም ብትጽፊም ያሳልፍሻል፤ አላህ ይርሐማትና ኮምፒውተር አይታ አታውቅም።»

ስለ እድሩ ነገርኳቸው። እንዴት እንደምንመልስ፣ እናቴ በየዓርቡ ምን እንደምትል። በርጩማ ስበው አጠገቤ ተቀምጠው እስክጨርስ አዳመጡኝ።

«ጥሩ እድር ነው» አሉኝ። «ግን ይሄ እድር አይደለም የኔ ልጅ። ነገ ቦቴው መንገድ ስቶ ሰው ያለ ውሃ ቢያድር ባለቤቱ የሚፈልገው እዚህ ላይ የተጻፈውን ሰው ነው። ስልኩን ማን ያነሳል?»

«እኔ አነሳለሁ።»

«እንግዲያው ያንቺን ስም ጻፊ።»

እሺ ማለት ያቃተኝ ያን ቀን ነው።

«ቆይ» አሉ። «እኔም የሰው ልጅ ነኝ፤ ቦታውን እጠብቃለሁ ብያለሁ። እዚህ ላይ አድራሻውን ጽፈሽ የለ? በዚህ አድራሻ ጻፊለት። እስከ ቅዳሜ አንድ ቃል ይመልስ። እሺ ብቻ ይበል። ከመለሰ ታጉ በስሙ ይሁን፤ ወላሂ እኔ ራሴ አያይዘዋለሁ።»

አያይዘዋለሁ ያሉት ለምን እንደሆነም አስረዱኝ። በእጅ የተሠራ ታግ አጣሪውን አልፎ መጋዘን ቢገባም ገና ብቻውን የተቀመጠ ነገር ነው። ወደ እሱ የሚጠቁም ስም እስካልተያያዘለት ድረስ ቁጥሩን በቃሉ ከሚያውቅ ሰው በቀር ማንም አያገኘውም።

«ካልተያያዘስ?» አልኩ።

«ጊት ማንም የማይጠቁመውን ነገር ለተወሰነ ጊዜ ይታገሰዋል፤ ሁለት ሳምንት ገደማ። ከዚያ ቤቱን ሲጠርግ ይጥለዋል። አንዳንዴ ደግሞ ሳይጠርግ ይቆያል።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር የያዝኩት የመጨረሻውን ነበር።

ለወንድሜ የጻፍኩት ኢሜይል አጭር ነው። ታጉን በስምህ ሠርቻለሁ፤ አጣሪው ተቀብሎታል፤ ጋሼ እሺ የምትል አንዲት ቃል ይፈልጋሉ፤ ሌላ ምንም አትጻፍ፣ ስለ ሌላው አንጠይቅህም አልኩት። ከላክሁት በኋላ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ባልጻፍኩት ብዬ ተጸጸትኩ፤ ስለ ሌላው መጠየቅ እፈልግ ነበርና።

ቤት ስደርስ እናቴ ጀሪካኖቹን ከአጥሩ ሥር እየደረደረች ነበር። ነገርኳት።

«እሺ ብቻ ካለ ይበቃል አሉ?»

«ይበቃል አሉ።»

«እሱ መቼ እሺ ብሎ ያውቃል?» አለች። «አሥር ጊዜ ተጠርቶ ነው አንዴ ወይ የሚለው። እሺ ባይዋ አንቺ ነሽ። ሌላ ቃል ቢጠይቁት ይሻል ነበር።»

በማግስቱም በሌላውም ቀን ከቢሮ ስወጣ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። አትጠይቀኝም፤ ፊቴን ብቻ አይታ ወደ ውስጥ ትመለሳለች።

ዓርብ ወደ ዳሚ ሄድን። የሽማግሌው ቤት ጠባብ ስለሆነ ወንዶቹ በግድግዳው ዙሪያ፣ ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌው እጃቸው ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ በጥፍራቸው እየፋቁ ስም መጥራት ጀመሩ። የወንድሜ ስም ሲደርስ እናቴ «አለ» አለች። ድምፅዋ ቤቱን ሞላው። አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ደንግጣ ዞር አለች።

«አንቺ ሴት» አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ድምፅሽ በየሳምንቱ እየጨመረ ነው። ጎረቤት ምን ሆኑ ይለናል።»

«ይበል» አለች እናቴ። «ሩቅ ላለ ሰው ቀስ ተብሎ አይመለስም።»

ጥቂት ሰዎች ፈገግ አሉ። ሽማግሌው ወደሚቀጥለው ስም አለፉ። ስንወጣ ግን በሩ ላይ እናቴን ጠብቀው ነበር። ከቦሳሶ የተመለሰ ሰው ሲያገኙ ሁሉ እንደሚጠይቁ፣ እስካሁን የሚያውቅ ሰው እንዳላገኙ ነገሯት። «መጥፎ ወሬም አልሰማሁም» አሉ። እናቴ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለቻቸው። በመንገድ ላይ ግን፣ «ደህና ወሬም አልሰማሁም ማለታቸው ነው» አለችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት የቦቴዎቹ ባለቤት መጣ። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ በበትር የሚሄድ ሰው ነው። የነገረው ስላልነበረ በቀጥታ ሄዶ በወንድሜ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አለቃዬ ሌላ ወንበር ሊያሳዩት እጃቸውን ዘረጉ፤ መልሰው ሰበሰቡት። በወራት ውስጥ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ የመጀመሪያው ሰው ነበር፤ ምን እንዳደረገ ሳያውቅ በትሩን በወንበሩ ክንድ ላይ አንጠለጠለ።

ፕሮግራሙን አሳየነው። ወደደው። ከዚያ በሶማልኛ፣ «ሌሊት ቦቴ ቢጠፋብኝ የምደውለው ለማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አለቃዬ ወደ እኔ ዞሩና በአማርኛ፣

«መልስ መጥቷል?» አሉኝ።

ስልኬን አወጣሁ። እንዳልመጣ አውቃለሁ፤ ከደቂቃዎች በፊት አይቻለሁ። ቢሆንም ደግሜ አየሁት።

«አልመጣም ጋሼ።»

«እኛ ዘንድ ለራቀ ሰው ዱዓ ይደረጋል» አሉ ቀስ ብለው። «እኔም አደርግለታለሁ፤ አላህ ያውቃል። ይሄኛው ግን መሠራት አለበት።»

ጽሑፉን እንደገና ከፈትኩ። ሦስቱን መስመሮች አልነካሁም። አራተኛው ላይ የወንድሜን ስም አጥፍቼ የእኔን ጻፍኩ፤ አድራሻውን፣ ሰዓቱን ለወጥኩ። መልእክቱ ላይ ሥራው የእሱ መሆኑን ልጨምር ብዬ ነበር፤ ግን ከታጉ ሥር ያለው የለውጥ ታሪክ ሁሉ የእሱን ስም ይዟል፤ ለሚያነብ ሰው በቂ ነው ብዬ ተውኩት። አጣሪው ተቀበለው። ያኛውን የተቀበለበትና ይኼኛውን የተቀበለበት መንገድ አንድ ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ይለያያል። አለቃዬ ጎንበስ ብለው አያያዙትና ወደ ሰርቨሩ ላኩት። ከዚያ ለባለ ቦቴው እኔን በጣታቸው አሳዩት።

«ይቺ ናት» አሉት። «ለእሷ ትደውላለህ።»

ሰውየው አየኝ። «ትንሽ ልጅ ናት» አለ በሶማልኛ። እንደማልሰማ መስሎት ነው።

«ታድጋለች» አሉት አለቃዬ።

ሲሄድ በትሩን አነሳ፤ ወንበሩ ባዶ ሆነ። አለቃዬ «ሂጂ ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ወንበሩ ለወንድሜ ቁመት ከፍ ተደርጎ የተስተካከለ ነበር፤ እግሬ መሬት አልነካም። ዝቅ የሚያደርገው መያዣ ከሥሩ እንዳለ አውቃለሁ። ያን ቀን አልነካሁትም።

ለእናቴ ራሴ ነገርኳት። ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው።

«መለሰ?» አለችኝ።

«አልመለሰም።»

«ወንበሩስ?»

«እኔ ተቀምጬበታለሁ።»

ጀሪካኑን አጋድላ ወደ በርሜሉ ውሃ ስትገለብጥ ነበር። አላቋረጠችም። እስኪያልቅ ገለበጠችው። «ከባዕድ አንቺ ትሻያለሽ» አለች። ሲመሽ ደግሞ እስካሁን በወንድሜ አልጋ ላይ ተዘርግቶ የነበረውን ብርድ ልብስ አጥፋ አምጥታ እግሬ ላይ አስቀመጠችው። «ብርድ ገብቷል» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ ሆነ። ባለ ቦቴው ይደውላል፤ አንዳንዴ ክፍል ውስጥ ሆኜ፣ አንዳንዴ መንገድ ላይ። እመልሳለሁ። ሼክ ኑር ያሉ ሴቶች ቦቴው ስንት ቤት እንደቀረው በስልካቸው ያያሉ። እናቴም ታያለች። ወንድሜ የፈለገው እንዲህ ነበር፤ ግን ስትሰለፍ ከጎኗ የሚቆምላት የለም።

የእሱን ታግ አልረሳሁትም። ቢሮ ስገባ ከሥራዬ በፊት ቁጥሩን ለጊት እሰጠዋለሁ፤ መስመሮቹን አውጥቶ ያሳየኛል። ስሙ፣ አድራሻው፣ ከባሕሩ ዳር የደወለበት ቀን። ላያይዘው እችል ነበር፤ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ አለቃዬም ምናልባት ባላዩት። ግን ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሰው ለአንድ ሥራ ሁለት ታግ፣ ሁለት ኃላፊ ቢያገኝ የትኛውን ያምናል? ባለ ቦቴውን ሲቸገር ወደማይመልስ አድራሻ መላክ ይሆናል። ስለዚህ አላያያዝኩትም። እያየሁት ብቻ ቆየሁ።

አንድ ቀን ብዙ ለውጥ በአንድ ጊዜ ሳስገባ ጊት በራሱ ጊዜ ቤቱን እየጠረገ መሆኑን በአንድ መስመር አስታወቀኝ። እስኪጨርስ ጠብቄ ቁጥሩን ሰጠሁት። እንዲህ ያለ ነገር የለኝም አለኝ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ከስልኬ ላይ ደግሜ ገለበጥኩት። የለኝም አለ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ያኛው ታግ ተጠረገ።»

«ኢና ሊላሂ…» ብለው ጀመሩና አቋረጡ። ፊታቸው ተለወጠ። ሰው ሲሞት የሚባል ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ። «ስለ ታጉ ነው ያልኩት» አሉኝ። «ለጠፋ ዕቃም ይባላል።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ያን ያህል አይክበድሽ። አንድ ፊደል ሳትቀይሪ ደግመሽ ብትጽፊው ያው ቁጥር ነው የሚመጣው። ጊት እንደዚያ ነው።»

አላመንኳቸውም። ጽሑፉን ከማስታውሰው ጻፍኩት፤ የለውጡን ቁጥር፣ ስሙን፣ ሰከንዱን። አጣሪው ተቀበለው። ቁጥሩን ከስልኬ ጋር አስተያየሁት፤ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ያው ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን የሚጠቁመው ነገር ዛሬም የለም፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ይጠረጋል፤ ከፈለግኩ ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ ያው ቁጥር ይመጣል፤ ይጠረጋል። ሌላ አዲስ ነገር አይጨመርበትም። እስካሁን ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አልቆጠርኩም። አለቃዬ ሲያዩኝ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ።

ባለፈው ዓርብ እናቴ በምትሠራበት ቤት እንግዳ ስለነበረ አልለቀቋትም። ወደ ዳሚ ብቻዬን ሄድኩ። አሁን ሥራ ስላለኝ እኔም አባል ነኝ፤ በር ላይ መቀመጤ ቀርቶ ምንጣፉ ላይ ከሴቶቹ ጋር ነው። ከመሄዴ በፊት እናቴ በስልክ፣ «ስሙ ሲጠራ አደራ» ብላኛለች። እሺ አልኳት።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ከበሩ በኩል ያሉት አለን አሉ። ከግድግዳው በኩል አንዱ ለወንድሙ መለሰለት፤ ወንድሙ በርበራ ወደብ ላይ ነው፤ ማምሻውን ይደውልለታል። የእናቴ ስም ተጠራ፤ «አለች» አልኩ። ቀጥሎ የወንድሜ ስም ተጠራ።

እንደ እናቴ ጮክ ማለት አልቻልኩም። «አለ» አልኩ።

ማንም ዞሮ አላየኝም። ሽማግሌው ጥቂት ቆዩ፤ እንደ ወትሮው የሚያስደነግጣቸውን ድምፅ የጠበቁ መሰለኝ። ከዚያ የእኔን ስም ጠሩ።

«አለሁ» አልኩ፤ በዚያው ድምፅ።